ከሆቴል ግንባታ የተረፈ የአይፔ ጣውላ ለበረንዳ ወለል ይሆናል?

ነዋሪ ዘሱሉልታ

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ውስጥ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ቤት በመሥራት ላይ ነኝ። ግድግዳውና ጣሪያው አልቆ አሁን የቀረኝ ማጠናቀቂያውና ከሳሎኑ ፊት ያለው በረንዳ ነው። በረንዳው 6 ሜትር በ3 ሜትር ሲሆን አርማታው ከተሞላ ከርሟል፤ በሦስት ጎኑ ክፍት ከመሆኑም በላይ የጣሪያው ክንፍ የሚሸፍነው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ዝናቡም ፀሐዩም በቀጥታ ያገኘዋል። ከአርማታው እስከ ሳሎኑ በር ደፍ ያለው ከፍታ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግቢው ወደ በረንዳው የሚያወጡት አራት ደረጃዎችም ገና አልለበሱም።

ሐሳቤ እንደ ጎረቤቶቼ ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። ነገር ግን አንድ የማውቀው ሥራ ተቋራጭ ከሆቴል ግንባታ የተረፈ ጣውላ እንዳለው ነግሮኝ ሄጄ ተመለከትሁት። አይፔ የሚባል ጠንካራ የብራዚል እንጨት ነው ይላል። ውፍረቱ 21 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 140 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር ነው። ክብደቱ እኛ ከለመድነው ጣውላ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቀለሙ ግን ወጥ አይደለም፤ አብዛኛው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ሲሆን ከክምሩ ግርጌ ያሉት ወደ ቀይ ያደላሉ። ሻጩ «እንጨት ነውና ይለያያል» ብሎ አልፎታል።

ጣውላውን ያሳየሁት አናጢ ምስማር እንደማይገባበትና መላጊያውንም እንደሚበላበት ገልጾልኝ ሥራውን ሊይዝልኝ አልፈለገም። ሌላው ደግሞ በአርማታው ላይ ኮላ ቀብቶ በቀጥታ ሊለጥፍልኝ ተስማምቷል። ሁለቱን ባነጻጽር ይበልጥ ያሳሰበኝ የሁለተኛው ቅለት ነው። ስለዚህ የምታውቁ ብትመክሩኝ፦ እንጨቱ እውነት አይፔ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? የሱሉልታን ክረምትና የበጋውን ደረቅ ነፋስ ይችለዋል? በአርማታው ላይ መለጠፉ ያዋጣል ወይስ ከስሩ ሞራሌ ማስተኛት ይገባል?

የቡራዩ አናጢ

መጀመሪያ ያማከሩት አናጢ እውነቱን ነው፤ ምስማር አይገባበትም። ይሁንና ይህ እንጨቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ አሠራሩ ከባህር ዛፍና ከዝግባ አሠራር የተለየ መሆኑን ብቻ ያመለክታል። ሁለተኛው ሰው ያቀረበልዎትን ግን ፈጽሞ አይቀበሉ። 

ስለ ማንነቱ በሦስት ነገር ይፈትኑት። አንደኛው ክብደቱ ነው። አይፔ በአንድ ሜትር ኩብ ከ1,000 ኪሎ ግራም እስከ 1,100 የሚመዝን በመሆኑ የደረቀ ቁራጩ ባልዲ ውኃ ውስጥ ሲጣል ይሰጥማል። የእርስዎ ባለ 4 ሜትር ጣውላ ወደ 12 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይገባል፤ በሚዛን ያረጋግጡ። ሆኖም መስጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የእኛም ወይራ ሲከብድ ወደዚያው ይጠጋል፤ ከውጭ የሚገቡ ሌሎች ከባድ እንጨቶችም ይሰጥማሉ።

ሁለተኛው የተቆረጠው ፊት ነው። ጣውላውን ከጫፉ ላይ በጥሩ ዲስክ ቆርጠው ፊቱን በምላጭ አለስልሰው በብርሃን ቢያዩት፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት ይታያል። ሲቆረጥ የሚበንነው ሰጋቱራም በዚሁ ቀለም የተነካ ነው።

ሦስተኛውን እኔ ከሁሉ አብልጬ አምነዋለሁ። ያ ቢጫ ዱቄት ላፓኮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ከአልካላይ ጋር ሲገናኝ ወደ ደማቅ ቀይ ይለወጣል። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በውኃ ቢያሟሙ ይበቃል፤ እሱም ከሌለ የምድጃ አመድ በውኃ በጥብጠው ካሳደሩ በኋላ ከላይ የጠለለውን ይውሰዱ። አዲስ የተቆረጠ ሰጋቱራ በነጭ ሳህን ላይ አድርገው ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥቡበት። አይፔ ከሆነ ቀይ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ጣውላ ለየብቻ ቢወስዱ መልካም ነው፤ በተለይ ከቀያዮቹ።

ወደ አሠራሩ ስመጣ፣ ሥራው ሁሉ ያለው በቀዳዳው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ብሎን አስቀድሞ መብሳት ግድ ይላል፤ ብሎኑ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጣውላው ላይ የሚበሳው 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር መላወሻ ያገኛል። ከዚያም የብሎኑ ራስ የሚሰምጥበት ጉድጓድ ይወጣለታል። ድሪሉን ሲገፉ ጉልበት አያብዙ፤ መብሻው ቢደንዝ ወይም ጢስ ቢያወጣ እንጨቱን ከማሳረር በቀር ፋይዳ የለውም። መብሻውን ደጋግሞ እየመዘዙ ሰጋቱራውን ማራገፍ ያስፈልጋል። ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ካላሉ እየበሱም ቢሆን ይሰነጠቃል።

ብሎኑ የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራው ብሎን ከእንጨቱ ንጥረ ነገርና ከዝናቡ ጋር ሲገናኝ በዙሪያው ጥቁር እድፍ ይተዋል፤ ይህንን እድፍ በኋላ ማስለቀቅ አድካሚ ነው። የማይዝገው ብረት ግን ለስላሳ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ሲጠመዘዝ አንገቱ ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጥርሱን ሻማ ላይ አሸት አድርገው ያስገቡት። ለመጋዙ ጥርሱ ካርባይድ የሆነ ዲስክ ይግዙ፤ ተራው ዲስክ ጥቂት ጣውላ ቆርጦ ይደንዛል፤ የደነዘ ዲስክም ፊቱን አቃጥሎ ያጠቁረዋል።

ለጊዜው እዚህ ላይ ላቁም። ስለ መለጠፉና ስለ እርጥበቱ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ አይጠፋም።

ዛፍና ጣውላ

የቡራዩ አናጢ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። የእንጨት ቴክኖሎጂ የተማርኩ በመሆኔ የእርጥበቱን ነገር ልቀጥል።

እንጨት ምንም ያህል ቢጠጥር ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፤ ይመልሳልም። በእኛ ደጋ ይህ ለውጥ በዓመት ውስጥ ሰፊ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ከቤት ውጭ በጥላ ያለ እንጨት እርጥበቱ ወደ 9 በመቶ ግድም ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን 15 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ዝናብ በቀጥታ የሚያገኘው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አይፔ ከእርጥብነት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በስፋቱ እስከ 8 በመቶ ግድም ይኮማተራል። ይህንን ወደ እርስዎ ጣውላ ስናመጣው፣ 140 ሚሊ ሜትር የሆነው ስፋት በበጋና በክረምት መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ በላይ ይለዋወጣል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ3 ሜትር ውስጥ ሃያ ጣውላ ጎን ለጎን ሲደረደር በድምሩ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ክፍተት ካላገኘ ወይ ግድግዳውን ይገፋል፣ ወይ ከብሎኑ ይነሣል። በኮላ የተለጠፈ ከሆነማ ኮላው ይለቃል፤ አይፔ ራሱ ኮላ በቀላሉ የሚይዘው እንጨት አይደለም፤ ያዘ ቢባል እንኳ እንቅስቃሴው ይነቅለዋል።

መለጠፉን የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በአርማታ ላይ የተለጠፈ ጣውላ ከላይ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከስር ደግሞ አርማታው የያዘው እርጥበት ያረጥበዋል። የታችኛው ፊት ሲያብጥና የላይኛው ሲኮማተር ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሡና ጣውላው እንደ አሸንዳ ይጎበጉባል። ይህ የሚሆነው እንጨቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ከስሩ አየር ስላጣ ነው።

ስለዚህ በጣውላዎቹ መካከል ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ይህ መጠን በበጋ ለሚሠራ ነው። እንጨቱ በጣም የደረቀው በበጋ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ማበጥ ብቻ ነው። በክረምት ወይም ክረምቱ እንደወጣ የሚሠራ ሰው እንጨቱ ገና አብጦ እንዳለ ስለሚገጥም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከግድግዳው ጋር ደግሞ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይተዋል።

ጣውላውን ከገዙ በኋላ ወዲያውኑ አይግጠሙት። ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያስገቡ ይከምሩት፤ ከላይ ቆርቆሮ ይሸፈን፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። በሱሉልታ አየር ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ እርጥበቱ ከቦታው ጋር ይስማማል። እንጨት ከጫፉ የሚደርቀው ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው ጫፍ ሁሉ በዚያው ቀን በቀለጠ ሻማ ወይም በሰም ቢቀባ ከስንጥቅ ይድናል። ሻማውን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡት፤ የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ በሌላ ዕቃ ያስቀምጡት።

አንድ ሕጋዊ ጉዳይም አለ። አይፔ የሚገኝባቸው የዛፍ ወገኖች በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ፓናማ ላይ በተካሄደው የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ፣ ንግዳቸው ቁጥጥር በሚደረግበት ዝርዝር፣ ማለትም በአባሪ 2 ውስጥ እንዲገቡ ተወስኖ፣ ውሳኔው ከኅዳር 25 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ይህ ንግዱን አይከለክልም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ድንበር የሚሻገር ጣውላ የፈቃድ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ሻጩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ቅጂ ቢያሳይዎት ጣውላው መቼ እንደገባም፣ በምን ስም እንደገባም በአንድ ጊዜ ያውቃሉ። የተረፈ ዕቃ ነውና ወረቀቱ ያለው በሆቴሉ ባለቤት ወይም በአስመጪው እጅ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም መጠየቁ አይጎዳም።

ነዋሪ ዘሱሉልታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ሻጩን አስፈቅጄ ከየጣውላው ጫፍ ጥቂት ሰጋቱራ ሰበሰብሁና በአመድ ውኃ ሞከርሁት። ጥቁር ቡናማዎቹ ወዲያው ቀይ ሆኑ፤ ቀለሙ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ያለ ነው። ወደ ቀይ የሚያደሉት ጣውላዎች ግን ሰጋቱራቸው ምንም አልተለወጠም። ሁለቱም ዓይነቶች ውኃ ውስጥ ሰጥመዋል። ዲክላራሲዮኑን ስጠይቀው እንደሚያፈላልግ ነግሮኛል።

አሁን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እነዚያ ያልተለወጡት ምን ሊሆኑ ይችላሉ? ሻጩ ለይቶ መሸጥ አይፈልግም። ሁለተኛው፣ ከበሩ ደፍ ጋር ያለኝ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከስሩ የሚተኛውን በቀይ ባህር ዛፍ ሞራሌ ላሠራው አስቤ ነበር፤ ከአጠና ተራ በቀላሉ አገኛለሁ።

ንድፍ ሠሪዋ

እኔ ከላይ ከተጻፈው በአንድ ነገር እለያለሁ። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ጣውላው ነው። ጣውላው ከሁሉም ነገር በላይ ዕድሜ ያለው ስለሆነ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። አይፔ በተገቢው መንገድ ከተሠራ ያለ ምንም መድኃኒት ከቤት ውጭ ለአሥርተ ዓመታት የሚቆይ እንጨት ነው። ከስሩ የሚያስተኙት ያልታከመ ባህር ዛፍ ግን አርማታ ላይ ተኝቶ በየክረምቱ እየራሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ባይበሰብስ እንኳ ሲደርቅ ስለሚጣመም ከላይ ያለውን ወለል አብሮ ያጣምመዋል። በዚያን ጊዜ ደህናውን ወለል ለማንሣት መቶዎች ብሎን ሊፈቱ ነው። ስለዚህ ከስር የሚገባው ነገር ከላዩ ያላነሰ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። በእኛ ገበያ ለዚህ የሚቀርበው አርኤችኤስ የሚባለው ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው።

ከፍታዎን እናስላ። 40 በ40 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ ቢጠቀሙ፣ ከስሩ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቢያስቀምጡ፣ በላዩ 21 ሚሊ ሜትር ጣውላ ቢመጣ ድምሩ 71 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከበሩ ደፍ በታች 9 ሚሊ ሜትር ይተርፍዎታል ማለት ነው። ለአየር የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ እኔ ከምፈልገው ያነሰ ቢሆንም በረንዳው በሦስት በኩል ክፍት ስለሆነ ይሠራል። ነገር ግን ለአንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ አናጢዎች ፊቱ እንዲያምር ብለው የወለሉን ጠርዝ በጣውላ ይደፍኑታል። ከደፈኑት አየሩ ይቆማል። መሸፈን ካለብዎት ከስሩ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዉለት።

የአርኤችኤሱን አቀማመጥም ያስቡበት። አርማታው ውኃ ወደ ግቢው እንዲወርድ ተዳፋት ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው አሁኑኑ ሲሚንቶ አስደርገው ያስተካክሉት። ብረቶቹ በውኃው አወራረድ አቅጣጫ ይተኙ እንጂ ውኃውን የሚያግዱ ሆነው አይተኙ። ከግድግዳው ወደ ግቢው ከተኙ ጣውላዎቹ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው በ6 ሜትሩ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የብረቶቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ብረቱን ቆርጠው ከበየዱ በኋላ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የተበየደበትና የተቆረጠበት ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው። ጫፎቹም በላሜራ ይደፈኑ፤ ክፍት ከተተዉ ውኃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል።

ወደ ቀያዮቹ ጣውላዎች ስንመጣ፣ ሳያዩ ስም መስጠት አይቻልም። ከደቡብ አሜሪካ ከአይፔ ጋር እየተቀላቀሉ የሚመጡ ቀይ ከባድ እንጨቶች ግን አሉ፤ ማሳራንዱባ አንዱ ነው። እሱም ይሰጥማል፣ እሱም አይበሰብስም፤ ሆኖም ከአይፔ ይልቅ ሲደርቅ የሚኮማተረውና የሚሰነጠቀው ይበዛል። በአንድ ወለል ላይ ሁለቱን ቢያቀላቅሉ ክፍተቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወጣ ገባ ይሆናል። ሻጩ ለይቶ አልሸጥም ካለ ዋጋውን በዚያ ልክ ያውርድ፤ ቀዩን ለመቀመጫ ወይም ለአጥር በር ይጠቀሙበታል።

በነገራችን ላይ፣ ሴራሚኩን መተውዎ ትክክል ነው፤ ዝናብ የሚያገኘው ሴራሚክ በክረምት ያንሸራትታል። ነገር ግን እኔ ብሆን ዝናብ የሚመታውን ግማሽ የአምቦ ድንጋይ አነጥፍበትና አይፔውን ከጣሪያው ስር ላለው ግማሽና ለደረጃዎቹ ብቻ እጠቀምበት ነበር። ያን ጊዜ የሚገዙት ጣውላ ስለሚቀንስ ከክምሩ ጥሩውን የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ።

ዛፍና ጣውላ

በብረቱ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአርኤችኤሱ የላይኛው ፊት ላይ ቀጭን የጎማ ወይም የሬንጅ ንጣፍ ቢደረግ እንጨቱ ከብረቱ ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው የሚጠራቀም ውኃም ይቀንሳል።

በአምቦ ድንጋዩ ግን አልስማማም። ድንጋዩ ጥሩ ቢሆንም የሁለቱ ወለል መገናኛ ውኃ የሚቋጥር ስፍራ ይሆናል፤ በረንዳውም 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለሁለት መክፈሉ ያጠበዋል። አይፔ ዝናብን የሚፈራ እንጨት አይደለም።

ጠያቂያችን በአገር ውስጥ እንጨት ሊሠሩ አስበው ከሆነ ደግሞ ይህን ቢያውቁት መልካም ነው፦ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ጥበቃ የተደረገላቸው ዛፎች ናቸው፤ ጥቁር እንጨት ደግሞ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይተስ አባሪ 2 ውስጥ አለ። «ከጫካ የመጣ ጽድ አለኝ» የሚል ሰው ቢገጥምዎት ምንጩን ይጠይቁ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ቋሚ ወይም የወይራ ምሰሶ ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለበረንዳው ጥላ ምሰሶ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የቡራዩ አናጢ

ቁጥሩን ላስቀምጥልዎት፤ ሲገዙ ይጠቅምዎታል። ጣውላው 140 ሚሊ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጋር 146 ስለሚሆን ለ18 ካሬ ሜትር ወደ 124 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ለብክነት አሥር በመቶ ሲጨመር 136 ሜትር ነው፤ ደረጃዎቹ ለብቻቸው ይታሰባሉ። ክብደቱ ለወለሉ ብቻ ወደ 380 ኪሎ ግራም ይመጣል፤ አርማታው ይህንን አይቆጥረውም፤ የሚያሳስበው ማጓጓዣው ብቻ ነው። ብረቱ በየ40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ መገናኛ ሁለት ብሎን ስለሚገባ ብሎኑ ከ650 እስከ 700 ይደርሳል። ከአናጢ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ በካሬ ሜትር ሳይሆን ይህንን የቀዳዳ ብዛት ነግረውት ይነጋገሩ። ካሬውን ብቻ ሰምቶ የተስማማ ሰው ሥራው ሲከብደው ሳይበሳ ሊመታ ይሞክራል፤ ጣውላዎ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው።

ለደረጃዎቹ እያንዳንዱን እርከን በሁለት ጣውላ ያልብሱት፤ በመካከሉ ክፍተት ይኑር፤ የፊት ጠርዙም በመላጊያ ትንሽ ይክበብ። ስል ሆኖ ከቀረ ሲመታ ይፈነጠራል፤ የልጅ ጉልበትም ይጎዳል።

ስለ ሰጋቱራው አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ያ ቢጫ ዱቄት ቆዳ ያሳክካል፣ አፍንጫና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር እየባሰ ይሄዳል። ሠራተኛው ደህና ጭምብል፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ያድርግ፤ የሚቆረጠውም ደጅ፣ ነፋሱ ወደማይመልሰው አቅጣጫ ሆኖ ይሁን። በየሰፈራችን ሰጋቱራ ለዶሮ ጉዝጓዝ የሚለምን ጎረቤት አይጠፋም፤ የዚህን ግን አትስጡት።

ስለ ቅባቱ ባይጠየቅም መልስ ልስጥ፤ ዞሮ ዞሮ መምጣቱ አይቀርምና። ቬርኒሽ አይቀቡት። በእኛ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ በዓመት ውስጥ ይላላጣል፤ ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማንሣት በዚህ ጥንካሬ ላይ ከባድ ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ለውጭ እንጨት የሚሆን ቀጭን ዘይት ከመስቀል በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ በዓመት አንድ ጊዜ መቀባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ያልገባውን በጨርቅ መጥረግ ነው። እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አይጠጣም፤ የተረፈው ካልተጠረገ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። የጠረጉበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለው አያስቀምጡ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት። ሁለተኛው ምርጫ ምንም አለመቀባት ነው። ቡናማው ቀስ በቀስ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጣል፤ ለውጡ የላዩ ብቻ እንጂ የእንጨቱን ጥንካሬ አይነካውም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ባለቤቶች ግን ቀለሙን ወደው ስለሚገዙት ብዙ ጊዜ አይሰሙኝም።

ነዋሪ ዘሱሉልታ

ሻጩ ወደ ቀይ የሚያደሉትን ጣውላዎች ለይቶ አስቀርቶ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል፤ ዲክላራሲዮኑም ተገኝቶ ጣውላው የገባው ከ2024 እ.ኤ.አ. በፊት እንደሆነ አየሁ። ሰጋቱራቸው በአመድ ውኃው ቀይ የሆኑትን ብቻ 140 ሜትር ለወለሉ፣ ለደረጃዎቹም የሚበቃ ለብቻው ቆርጦ እንዲለይልኝ ተነጋግረናል። ብረት ሠሪው ተዳፋቱን በውኃ ልክ ለክቶ በቂ ሆኖ አግኝቶታል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ ከጣውላዎቹ ብዙዎቹ 4 ሜትር ስለሆኑ የበረንዳውን 6 ሜትር አይሸፍኑም። መጋጠሚያቸው የት ላይ ይሁን?

ንድፍ ሠሪዋ

መጋጠሚያው ሁልጊዜ ብረት ላይ ይሁን፤ በአንድ መስመር እንዳይደረደርም አንዱን ረድፍ 4 እና 2 ሜትር፣ ቀጣዩን 2 እና 4 ሜትር፣ ሌላውን ባለ 3 ሜትር ካለዎት 3 እና 3 አድርገው ያፈራርቁት። 40 ሚሊ ሜትር በሆነ አንድ ብረት ላይ ሁለት ጫፍ ቢያገናኙ ግን ብሎኑ ከጫፉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሊርቅ አይችልም። ስለዚህ መጋጠሚያ በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ሁለት አርኤችኤስ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ትተው ያስተኙ፤ እያንዳንዱ ጫፍ የራሱን ብረት ያገኛል፤ በመካከል የሚወርደው ውኃም መውጫ ይኖረዋል። ይህንን ለብረት ሠሪው ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ከበየደ በኋላ መጨመሩ ያስቸግራል።